ሊኑክስና የማስተማር ነጻነት

ሥርዓተ ክወና የኮምፒዩተርን ክፍሎችና ፕሮግራሞች አስተባብሮ የሚያሠራ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ማንም በነጻ የሚገለገልበትና የሚያሻሽለው የሊኑክስ ሥርዓት መነሻው በማስተማር ላይ የተጣለ አንድ ክልከላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዩኒክስ ሥርዓት ባለቤት የነበረው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው 7ኛ እትም ምንጭ ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ለማስተማሪያነት እንዳይውል በፈቃዱ ከለከለ። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሩ ታነንባውም ንድፈ ሐሳብ ብቻ ማስተማሩን በቂ ሆኖ ስላላገኙት፣ ሚኒክስ የተባለ አነስተኛ ሥርዓት ራሳቸው ጽፈው በ1987 ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር አቀረቡ። ይሁን እንጂ ሚኒክስ ለትምህርት እንዲመች አነስተኛ ሆኖ እንዲቆይ በመሻታቸው፣ ተጠቃሚዎች ያቀረቧቸውን ማሻሻያዎች ሁሉ አልተቀበሉም። የማሰራጨት መብቱም የተገደበ ነበር።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚኒክስ እየሠራ፣ ከርነል የሚባለውን የሥርዓት እምብርት በራሱ ጻፈ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ያስታወቁት የግኑ ሥራ ደግሞ ሌሎቹን አስፈላጊ መሣሪያዎች በአብዛኛው አዘጋጅቶ፣ ለሥራ የበቃ ከርነል ጎድሎት ነበር። ቶርቫልድስ በ1992 ሥራውን በግኑ ፈቃድ ሥር ባዋለ ጊዜ ሁለቱ ተሟሉ። ፈቃዱ ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ምንጩን ለተቀባዩ እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ፣ የአንዱ እርማት ለሁሉም ተረፈ።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲመረጥ፣ ከዋጋው ጋር መምህሩ የውስጥ አሠራሩን ለተማሪዎቹ ገልጦ ለማሳየት የሚፈቀድለት መሆኑም ሊመረመር ይገባል።