በኪንግ ካውንቲ ጤና ቢሮ ምን ምን አገልግሎት እናገኛለን?

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉት ታክዊላ፣ ሬንተን፣ ኬንትና ፌደራል ዌይ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ቤተሰቦች ይኖራሉ። ስለ ጤና ሲነሳ አብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሆስፒታልና ኢንሹራንስ ነው። የአካባቢው መንግሥት የራሱ የጤና ቢሮ እንዳለው፣ ይህም ቢሮ ከሕፃን ክትባት እስከ ጀናዛ ወረቀት ድረስ የቤተሰባችንን ሕይወት እንደሚነካ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ አገልግሎቶቹን በተለይም ሰው እየፈራ የሚሸሻቸውን ኢንሻአላህ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ማለት ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ ከአገራችን ጋር እናመሳስለው ካልን ለዞን ይቀርባል። ኪንግ ካውንቲ 39 ከተሞችን ይይዛል፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 2.27 ሚሊዮን ነበር። የጤና ቢሮው የሲያትል ከተማና የካውንቲው የጋራ ስለሆነ በከተማው ውስጥ የሚኖረውም ከከተማው ውጪ የሚኖረውም የሚያገለግለው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ቢሮው በተለያዩ አካባቢዎች ጤና ጣቢያዎች አሉት። ተላላፊ በሽታን ይከታተላል፤ ምግብ ቤቶችን ይቆጣጠራል፤ የልደትና የሞት ምዝገባ ላይ ይሠራል። ትልቁ ሐርቦርቪው ሆስፒታልም ንብረትነቱ የካውንቲው ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ብዙዎች «ወረቀቴ ገና ነው፣ ብሄድ ስሜ ወደ ኢሚግሬሽን ይተላለፋል» ብለው ይቀራሉ። ከ2009 ጀምሮ የካውንቲው ሕግ፣ የፌደራል ሕግ የሚያስገድድባቸው ጉዳዮች ሲቀሩ፣ አገልግሎትን ከኢሚግሬሽን ሁኔታ ጋር ማያያዝን ይከለክላል። ለክትባት ወይም ለቲቢ ሕክምና የሄደ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ አምጣ አይባልም። የፌደራል መንግሥት ገንዘብ ስላለበት እንደ ሜዲኬይድ ያለ ኢንሹራንስ ግን ጉዳዩ ለየት ይላል። ሕጉም መረጃ የመለዋወጡ አሠራርም ስለሚቀያየር ጉዳይ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ ይሻላል፤ የሻይ ቤት ወሬ ለዚህ አይበቃም። ስደተኝነቱ ወይም ጥገኝነቱ ተቀባይነት ያገኘ ሰው ግን «የመንግሥት ሸክም ይሆናል» በሚለው መመዘኛ እንደማይመዘን ሕጉ ራሱ በግልጽ አስቀምጧል።

ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በመነሳት የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የጤና ተቋም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ደውላችሁ «አምሃሪክ ፕሊስ» ካላችሁ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ስልኩን አትዝጉ። ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ትግርኛ የሚቀላት እናት የምትፈልገውን ቋንቋ ራሷ ትምረጥ፤ «ኢትዮጵያዊት ናት» ተብሎ አማርኛ ብቻ ሊመደብላት አይገባም። ሴት ሐኪምና ሴት አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ሁልጊዜ ይገኛል ማለት ባይሆንም ቀጠሮ ሲያዝ ቀድሞ ለተናገረ ሰው ዕድሉ ይሰፋል።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በእኛ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። አስተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ እናታቸውን ሐኪም ቤት ለማስተርጎም ከክፍል የሚቀሩ ልጆች ገጥመውናል። የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማህፀን ወይም ስለ አባቱ የደም ምርመራ ውጤት እንዲያወራ ማድረግ ለእርሱም ለወላጁም ከባድ ነው፤ አፍሮ የሚዘለው ነገር ደግሞ መድኃኒት ሊያሳስት ይችላል። የፌደራል ደንቡም ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላል። «አስተርጓሚው የዕድራችን ሰው ቢሆንስ?» የሚል ስጋት ያለበት ሰው በስልክ እንዲሆንለት ይጠይቅ። የስልክ አስተርጓሚ ሌላ ግዛት የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሰማውን እንዲጠብቅም የሙያው ሥነ ምግባር ያስገድደዋል።

ሰፋ አድርገን ልናየው የምንፈልገው የቲቢን ጉዳይ ነው። በማኅበረሰባችን «የሳንባ በሽታ አለበት» የተባለ ሰው ሲኒው ይለያል፤ ልጁን የሚያጭ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ሰው ምርመራውን ይሸሻል፤ መድኃኒቱንም ይደብቃል። በአሜሪካ በየዓመቱ በቲቢ ከሚታመሙት ሰዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ የተወለዱት ከአሜሪካ ውጪ ነው። ብዙዎቹ ጀርሙን የያዙት እዚህ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት በትውልድ አገራቸው ገብቶባቸው ተኝቶ የቆየ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ድብቅ ቲቢ ያለበት ሰው ጀርሙ በሰውነቱ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ተኝቷል። በእርሱ ምክንያት አያስለውም፣ አያተኩሰውም፣ ለማንም አያስተላልፍም። መስጂድ ይሰግዳል፣ ልጁን ያቅፋል፣ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ካልታከመ ግን ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ወደ በሽታው ይሸጋገራሉ። ስኳር በሽታ ወይም ኤችአይቪ ባለበት፣ የኩላሊት እጥበት በሚያደርግ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ አደጋው ይጨምራል። በሽታ የሆነው ቲቢ ደግሞ ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታ ያመጣል። የሳንባ ከሆነ በአየር ይተላለፋል።

ምርመራው ላይ አንድ የምንሰማው ክርክር አለ፦ «በልጅነቴ ስለተከተብኩ ነው ቆዳዬ ያበጠው፤ ቲቢ የለብኝም።» ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። አገር ቤት ለሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በቆዳ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። በደም የሚደረገውን ምርመራ ግን ቢሲጂ አያሳስተውም። ስለዚህ የተከተበ ሰው የደም ምርመራውን ይጠይቅ። የደም ምርመራው ጀርሙ አለ ካለ ወደ ክትባት ማሳበብ አይሠራም፤ ቀጥሎ የሚመጣው የደረት ራጅ ነው።

የድብቅ ቲቢ ሕክምና እንደ ድሮው 9 ወር ብቻ አይደለም። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት የሚወሰድ፣ ወይም ሪፋምፒን የተባለው በየቀኑ ለ4 ወር የሚወሰድ አማራጭ አለ። ሪፋምፒን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አያስደንግጣችሁ። የወሊድ መከላከያ እንክብልን ግን ያዳክማል፤ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችንም ይነካል። ስለዚህ ሌላ የምትወስዱትን ሁሉ ለነርሷ ንገሩ። መድኃኒቶቹ ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው መደወል ነው። ጫት የሚቅም ሰውም ይህን ለሐኪሙ አይደብቅ፤ ጫት ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ሐኪሙም የታካሚን ምስጢር እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል።

ረመዷን ሲመጣ ብዙዎች መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። አያስፈልግም። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ከምግብ ጋር ስለሚሻል ለኢፍጧር ይመቻል። ሪፋምፒን በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሚወሰድ ከመኝታ በፊት ወይም ከሰሑር ቀደም ብሎ ማስተካከል ይቻላል። ሰዓቱን ከመቀየራችሁ በፊት ከክሊኒኩ ጋር ተነጋገሩ። በሽታው ጠንቶበት መጾም ያቃተው ሰው ደግሞ ሸሪዓችን ለታማሚ የሰጠው ፈቃድ አለው።

በሽታ የሆነ ቲቢ የተገኘበት ሰው ጉዳይ በሕግ ለጤና ቢሮው ይነገራል። ቢሮው የቲቢ ክሊኒኩን የሚያካሂደው በሐርቦርቪው ነው፤ ኢንሹራንስ የለህም ተብሎ ከሕክምና የሚመለስ የቲቢ በሽተኛ የለም። የጤና ሠራተኛ በአካል ወይም በቪዲዮ መድኃኒት ሲዋጥ ያያል፤ ይህ አለማመን ሳይሆን ሕክምናው ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ስለሚፈጅና ተቋርጦ ጀርሙ መድኃኒት ከተለማመደ ለማከም ስለሚከብድ ነው። የቤተሰብና የሥራ ባልደረቦችም እንዲመረመሩ ይጠራሉ። ሲጠሩ የታማሚው ስም አይነገራቸውም። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ እንዲቆይ ሊታዘዝ ይችላል፤ ጁምዓ ቢያመልጠውም ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ካሉበት ደግሞ ሸሽቶ አለመውጣትን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል።

ግሪን ካርድ የሚያመለክቱ ሰዎች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የቲቢ የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል። ድብቅ ቲቢ ቢገኝ ሐኪሙ ለጤና ቢሮ ያሳውቃል። ይህ ግን ግሪን ካርድ አያስከለክልም። በዚህ ፍርሃት ምርመራውን የሚያዘገይ ሰው ራሱን ያለ ምክንያት ይጎዳል።

ወደ እናቶችና ሕፃናት እንለፍ። ዊክ የሚባለው ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነፍሰ ጡሮች፣ ለወለዱና ለሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በካርድ ምግብ ያስገዛል፤ የአመጋገብና የጡት ማጥባት ምክርም ይሰጣል። አባት ወይም አያት የሚያሳድጉትም ልጅ ይመዘገባል። ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ፍራፍሬና አትክልት ችግር የለባቸውም፤ አንዳንድ እርጎ ግን ጀላቲን ስላለበት ጽሑፉን አንብቡ። በዋሽንግተን ግዛት የገቢ መመዘኛውን የሚያሟሉ ከ19 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በማንኛውም የኢሚግሬሽን ሁኔታ አፕል ሄልዝ የተባለውን የግዛቱን ኢንሹራንስ ማግኘት ይችላሉ። የነፍሰ ጡሯ ሽፋን ከእርግዝናው በኋላም 12 ወር ይቀጥላል።

ከ19 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ክትባቱ ራሱ በግዛቱ ነፃ ነው። የኩፍኝ ክትባትን በተመለከተ በመስጂዶቻችን የሚነሳው ጥያቄ የአሳማ ጀላቲን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ኤምኤምአር ሁለት ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን አለበት። በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ ዑለማዎችና ሐኪሞች ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ሌላ ነገር የሆነ ጀላቲን እንደሚፈቀድ ገልጸዋል። ልቡ ያላረፈ ወላጅ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፦ በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ፕራዮሪክስ የተባለው የኩፍኝ ክትባት ጀላቲን የለበትም። በየክሊኒኩ ላይገኝ ስለሚችል ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ግን ከ2019 ወዲህ «በግል እምነቴ አልፈልግም» ብሎ የኩፍኝ ክትባትን መተው በግዛቱ ቀርቷል፤ የሃይማኖትና የሕክምና ምክንያት ግን እስካሁን አሉ።

ምግብ ቤት የሚሠራ ሁሉ በተቀጠረ በ14 ቀን ውስጥ የምግብ ሠራተኛ ካርድ ማውጣት አለበት፤ ዋጋው 10 ዶላር ነው። በምግብ ቤቶች መስኮት የሚለጠፉት የፊት ምልክቶች የንጽሕና ደረጃ እንጂ ሐላልነትን አይናገሩም። መስጂድ ለሕዝብ ምግብ ሸጦ ገንዘብ ሲያሰባስብም ጊዜያዊ ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል ኮሚቴው ቀደም ብሎ ቢሮውን ይጠይቅ።

የመጨረሻው የጀናዛ ጉዳይ ነው። ሰው በሕመም ሐኪም ቤት ሲያርፍ ሐኪሙ የሞት የምስክር ወረቀቱን ይሞላል፤ የቀብር ድርጅቱም የመቅበሪያ ፈቃዱን ያስጨርሳል። የመስጂዳችሁ የጀናዛ ኮሚቴ የሚሠራው ከየትኛው ድርጅት ጋር እንደሆነ ዛሬውኑ እወቁ፤ መርዶ በደረሰ ሌሊት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። በድንገት፣ በአደጋ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ መንገድ የሞተ ሰው ጉዳይ ግን ወደ ካውንቲው የሞት መርማሪ ቢሮ ይሄዳል፤ ይህም የጤና ቢሮው ክፍል ነው። አስከሬን መክፈት ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የሚወስነው መርማሪው ነው። ቤተሰቡ ግን ውሳኔው እስኪነገረው ባይጠብቅ ይሻላል። በመጀመሪያው ስልክ ሟቹ ሙስሊም መሆኑን፣ ቀብሩ መፍጠን እንዳለበትና ካልተገደደ በቀር ገላው እንዳይከፈት እንደሚፈልግ ይናገር፤ በውጭ ምርመራ ብቻ ማለቅ ይችል እንደሆነም ይጠይቅ።

ወረቀቱ ሲሞላ የሟቹ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን አረጋግጡ። አሕመድ በሁለት ዓይነት መንገድ ተጽፎ አገር ቤት ያለው የውርስ ጉዳይ የሚጓተትበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ከፈረሙ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል።