ልጄን የላከው ማነው?



ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን ስለ አርበኞች ልንጽፍ አስበን ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በልባችን የተቀመጠ አንድ ጥያቄ ስላለ እሱን ሳናነሣ ሌላ መጻፉ አልሆነልንም። ጥያቄውም የእኛ ሳይሆን የአንድ አባላችን ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ልጃቸው በሶማሊያ በሰላም አስከባሪነት የነበረ አንድ አባላችን መርዶ ደረሳቸው። መርዶው መጣ እንጂ አስከሬኑ አብሮ አልመጣም። ጥሩምባ ይነፋ ወይስ አይነፋ፣ ድንኳን ይተከል ወይስ ይቅር እየተባለ ኮሚቴው ግማሽ ቀን ተከራከረ፤ ደንባችን የሚያውቀው ቀብር ያለበትን ሞት ነውና። በመጨረሻ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮውም ተቀቀለ፣ ሰውም ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኛ በዚያን ጊዜ የዕድሩን መዝገብ የምንይዝ ስለ ነበርን፣ ከሠልስቱ በኋላ አባትየው ዘንድ ሄደን፣ ሟች በማን ሥራ ላይ እንደ ሞተ ጠየቅናቸው። እንዲህ አሉን፦ «እስቲ አንተ ጸሐፊ ነህና ንገረኝ፤ ልጄን የላከው ማነው? መንግሥት ነው እንዳልል፣ አበሉን የሚከፍለው አውሮጳ ነው ይሉኛል። አውሮጳ ነው እንዳልል፣ ፈቃዱ የመጣው ከኒውዮርክ ነው ይሉኛል። ክንዱ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ የአፍሪካ ነው።»

እኛም ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች እንጂ ሊቅ አይደለንም። መልስ አልሰጠናቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ራዲዮ በሰማን ቁጥር፣ ጋዜጣም ባገኘን ቁጥር ነገሩን ስንለቅም ቆየን።

የደምበጫ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን፣ ጄኔቭ የነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር በወራሪው ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ ተወው፣ የስዊዝንም ቦይ አልዘጋበትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገውን የጣሊያን ጦር እዚሁ ደምበጫ አጠገብ የገጠመው አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው። ብዙ ሰው ወደቀበት። ያንን ቀን ያዩ አዛውንቶች ዛሬ አልፈዋል፤ እኛ ግን ልጆች ሳለን ሲያወሩት ሰምተናል።

መንግሥታችን ከዚያ በኋላ ወታደር ወደ ውጭ የላከው ይህንን እያስታወሰ ነው። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኮንጎ ቀድመው ከደረሱት የተባበሩት መንግሥታት ጦሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ነበረበት፤ ኋላም ጄኔራል ከበደ ገብሬ በኮንጎ የነበረውን የድርጅቱን ጦር በሙሉ አዘዙ። በኮንጎ ጊዜ ላኪው አንድ ነበር፣ ማን እንደሚያዝም ይታወቅ ነበር። ሆኖም የገንዘቡ ጠብ ያኔም ነበረ። ሶቭየት ኅብረትና ፈረንሳይ ለኮንጎው ጦር መዋጮ አንከፍልም ብለው ድርጅቱ በዕዳ ተያዘ፤ ነገሩ ዘ ሄግ ላለው የዓለም ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ፍርድ ቤቱ በ1954 ዓ.ም. ሐምሌ ወጪው የአባላት ሁሉ ወጪ ነው አለ። ታዲያ እነሱ ከዚያም በኋላ አልከፈሉም። በእኛ ዕድር ቢሆን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል፤ እዚያ ግን ትልቁ አባል አልከፍልም ሲል የሚሰርዘው የለም።

ወደ ሶማሊያ እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሶማሊያ ገብቶ እጁን የተቃጠለው ቀደም ብሎ ነው። በ1985 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ሞቃዲሾ ውስጥ 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች በአንድ ቀን ተገደሉ፤ በ1986 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። አሜሪካ ወጣች፤ ድርጅቱም በ1987 ዓ.ም. ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኒውዮርክ ሶማሊያ ሲባል ትሸሻለች።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር 27 ቀን የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1725 ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት ጦር እንዲልኩ ፈቀደ፤ ነገር ግን ሶማሊያን የሚዋሰኑ አገሮች ወታደር እንዳይልኩ አለበት። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ጂቡቲ ማለት ነው። ወሰንተኛ ሽማግሌ አይሆንም ማለታቸው ነው፤ በገበሬው ቋንቋም ቢሆን ያስኬዳል። ሆኖም ወር እንኳ አልሞላም፤ የኢትዮጵያ ጦር በሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጥሪ ታኅሣሥ 19 ቀን ሞቃዲሾ ገባ። ገብቶ የሚያድር ጦር ደግሞ ተተኪ ይፈልጋል። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና የፀጥታ ምክር ቤት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ አሚሶም የተባለውን ተልእኮ አቋቋመ፤ የኒውዮርኩም ምክር ቤት የካቲት 13 ቀን በውሳኔ 1744 አጸደቀው። ዕድሜው ስድስት ወር፣ ብዛቱም 8,000 ሰው እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ይረከባል የሚል ተስፋ ነበር የተያዘው።

ዩጋንዳ በየካቲት መጨረሻ ገባች። ቡሩንዲ ዘግይታ ተከተለች። ሌሎች እንልካለን ያሉ አገሮች ቀሩ፤ ሁለት ዓመት ሲሆነው እንኳ ግማሹ አልሞላም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ባቀረቡት ዘገባ፣ የድርጅቱን ጦር ሶማሊያ ማስገባት የሚሆን ነገር አይደለም አሉ። የሚጠበቅ ሰላም ከሌለ ሰላም አስከባሪ አይላክም ነው ነገሩ። አዲስ አበባ ያሉት የኅብረቱ ሰዎች በዚህ ተናደዱ፤ እኛስ ታዲያ ሰላም ወዳለበት ነው የላክነው? አሉ። እውነታቸውን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር 24ኛ አንቀጽ የዓለምን ሰላም የመጠበቅ ዋናው ኃላፊነት የፀጥታው ምክር ቤት ነው። በ53ኛው አንቀጽ ደግሞ እንደ አፍሪካ ኅብረት ያለ የአካባቢ ማኅበር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ኃይል አይጠቀምም። ኃላፊነቱም የእርሱ፣ ፈቃዱም የእርሱ ከሆነ፣ ደሙስ የማን ነው የሚለውን አንቀጹ አይናገርም። የኒውዮርክም ወገን ግን ክርክር ነበረው፤ ለምናዘው ጦር እንከፍላለን፣ ለማናዘው ጦር እንዴት እንክፈል የሚል። እኛ መዝገብ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ይህንን ክርክር ዝም ብለን አንጥለውም። ያለ ፊርማችን የወጣ ገንዘብ ዕዳው የኛ ሲሆን እናውቀዋለንና።

በመጨረሻ ነገሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ምግቡን፣ ነዳጁንና መድኃኒቱን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት አቀረበ። የወታደሩን አበል የአውሮጳ ኅብረት ከፈለ። ሰውየውን ደግሞ አፍሪካ አቀረበች። በእኛ ዕድር መዋጮ የሚከፍለው፣ ቃሬዛ የሚሸከመውና ቃለ ጉባኤ የሚፈርመው ያው ሰው ነው፤ ስለዚህ ጠብ ቢነሣም ማታውን ይበርዳል። ሦስቱ በሦስት ከተማ ሲቀመጡ ግን፣ አንዱ ባኮረፈ ቁጥር የሚጎዳው ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ ነው።

የኢትዮጵያ ጦር በ2001 ዓ.ም. ጥር ከሶማሊያ ወጥቶ ነበር። የአሚሶም ቁጥር በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወደ 22,126 ከፍ ሲደረግ፣ በዚያው ዓመት ጥር 4,395 ወታደር ይዛ ኢትዮጵያ በኅብረቱ ምልክት ሥር ገባች። ጎረቤት አይግባ የተባለው ተረስቶ ነበር። የአባላችን ልጅም የሄደው ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው።

የአበሉ ልክ በወር 1,028 ዶላር ነበር። ይህ ለአገሩ መንግሥት የሚሰጥ ነበር፤ አብዛኞቹ መንግሥታት ደግሞ ከላዩ ቀንሰው ነበር ለወታደሩ የሚያደርሱት። በ2008 ዓ.ም. የአውሮጳ ኅብረት፣ ሌሎችም ይርዱን፣ ብቻችንን አንችልም ብሎ ከመቶ 20 ቀነሰ። ያዋጡት ገንዘብ ሲደመር ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆኗልና እነሱንም እንዲያው አንረግማቸውም። የቅነሳው ወር ግን ክፉ ነበር። በዚያው ጥር 6 ቀን አልሸባብ ኤል አዴ የሚባለውን የኬንያ ጦር ሰፈር ሰብሮ ገባ፤ ስንት ሰው እንደ ሞተ ናይሮቢ ተናግራ አልጨረሰችም። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ሀልጋን ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር አጠቃ። አልሸባብ የራሱን ቁጥር አወጀ፣ መንግሥታችን ሐሰት ነው አለ።

የቡሩንዲዎቹ ከሁሉም የባሰ ነበር። የአውሮጳ ኅብረት ከቡሩንዲ መንግሥት ጋር በ2007ቱ የምርጫ ጉዳይ ተጣልቶ ስለ ነበር፣ አበሉን በዚያ መንግሥት እጅ አላሳልፍም አለ። ወታደሮቹ ወደ አንድ ዓመት ያህል ሳይከፈላቸው ቆዩ። ቡሩንዲ በ2009 ዓ.ም. ጥር ጦሬን አስወጣለሁ ብላ አስፈራራች፤ በስንት ምልልስ ገንዘቡ በንግድ ባንክ በኩል እንዲያልፍ ተስማሙ። እስቲ አስቡት፤ ብራሰልስና ቡጁምቡራ ሲኳረፉ ሞቃዲሾ ዘብ የቆመው ልጅ እናቱ ጨው መግዣ ታጣለች።

እኛን ከሁሉ የከነከነን ግን የሟቾች ቁጥር ነው። ለሞተ ወታደር ቤተሰብ የሚከፈል ካሣ ነበር፤ ልኩም 50,000 ዶላር፣ ገንዘቡም ከአውሮጳ ኅብረት። ካሣ ካለ ስም ዝርዝር አለ ማለት ነው፤ ያለ ስም ገንዘብ አይወጣምና። ሆኖም አሚሶም በቆየባቸው 15 ዓመታት ውስጥ በጠቅላላው ስንት ሰው እንደ ሞተበት የሚገልጽ ሙሉ ዝርዝር የአፍሪካ ኅብረት አላወጣም። የየአገሩ ጉዳይ ነው ተባለ፤ አገሮቹም ዝም አሉ። ከእኛ ዕድር መዝገብ ውስጥ የመጀመሪያው ሟች ስም ሳይቀር ይገኛል፣ ያውም በእርሳስ የተጻፈ።

አሚሶም በመጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አትሚስ በሚባል ተተካ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2719 አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ፦ የአፍሪካ ኅብረት ለሚመራው ተልእኮ ወጪውን ከመቶ እስከ 75 ድረስ ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ መክፈል ይቻላል አለ። አዲስ አበባ ለዓመታት ስትለምነው የነበረው ይኸው ነው። ይቻላል ማለትና ይከፈላል ማለት ግን ይለያያል። ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አውሶም የተባለው አዲሱ ተልእኮ በውሳኔ 2767 ሲጸድቅ 14 አባላት እጃቸውን አወጡ፤ አሜሪካ ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በዚያን ጊዜ ከመዋጮው ትልቁ ድርሻ የእርሷ ነበር፤ 2719ን ሶማሊያ ላይ ለመጀመር አልፈለገችም። ስለዚህ አዲሱ ተልእኮ የተነሣው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይቆረጥ ነው።

በዚህ መካከል ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማ ስለ ነበር፣ ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጦር በአዲሱ ተልእኮ አይግባብኝ ብላ ግብፅን ጠርታ ነበር። አንካራ ላይ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ታረቁ፤ ኋላም ወደ 2,500 የሚሆን የኢትዮጵያ ጦር እንዲቀጥል ተስማሙ። መጀመሪያ ከሞቱት መካከል የሆኑት ቡሩንዲዎች ግን ከአዲሱ ውጪ ሆኑ።

ይህንን ሁሉ ባለፈው ዓመት ለአባትየው እንዲሁ በቃል አጫወትናቸው። ቡናቸውን እየጠጡ ሰሙን፣ ከዚያም «ሁሉም ላኩት በለው እንግዲህ፤ ሲመለስ የጠበቅሁት ግን እኔ ብቻ ነበርሁ» አሉን። በመዝገቡ ላይ ያኔ የጻፍነው «በሶማሊያ፣ በሥራ ላይ» የሚል ነው፤ አሁንም እንደዚያው ነው።

የዕድሩ ኮሚቴ በነገሩ ላይ ተነጋግሮ፣ አስከሬኑ ያልመጣ የአባል ልጅ እንደ ማንኛውም ሟች ድንኳንና የቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ እንዲያገኝ ደንቡ ላይ ጨምሯል። ስለዚህ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ባለቤታችሁ በውጭ አገር ግዳጅ ላይ ያላችሁ አባላት፣ የሄደበትን አገርና የክፍሉን ስም፣ እንዲሁም መርዶ ቢመጣ በቅድሚያ የሚነገረውን ዘመድ ለጸሐፊው አስመዝግቡ።