ነፃ ቅጂ ድሮም ነበረን

ዋድላ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ስሙ የሚነሣው በቅኔ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ከሚባሉት ሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ የዚህ ደጋ ነው፤ የወረዳው ከተማ ኮንም ያለችው በዚሁ ደጋ ላይ ነው። ስለ ኮምፒውተር ለመጻፍ ከቅኔ ቤት መነሣት ነገር ማንዛዛት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ሊኑክስንና መሰሎቹን ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች መሞከር ለምን ፍሬው እንዳነሰ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ይዋረዳል። መምህሩ ቅኔውን ከተናገረ በኋላ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፣ አገባቡን አንድ በአንድ ፈትቶ ያሳያል። ተማሪው ያንን ይዞ ይሄድና ሁለት ስንኝ ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው ስጦታ አሠራሩን ማሳየት ነው፤ የተሠራውን መድገም ዕውቀት ተብሎ አይቆጠርም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ ክፍት የሆኑትን ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የተቀበልናቸው የማይከፈልበት ዕቃ አድርገን እንጂ ሊፈታ የሚችል ሥራ አድርገን አልነበረም፤ የማይከፈልበት ዕቃ ደግሞ ሞልቶን ነበር።

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ከሄልሲንኪ ሊኑክስን ሲለቅ የተጀመረው እንቅስቃሴ ለተጠቃሚው አራት ነገር ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ እንዲያውል፣ ውስጡን አይቶ እንዲማር፣ እንዲለውጠው፣ የለወጠውንም ለሌላ እንዲያስተላልፍ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጎልቶ የተሰማው በዝርዝሩ ውስጥ እንኳ የሌለው ነው፤ «አይከፈልበትም» የሚለው። በዚህ በኩል ውድድሩ ሳይጀመር አልቆ ነበር፤ ዊንዶውስም አይከፈልበትም ነበርና። ከመርካቶ እስከ ወልድያ ያለ ጠጋኝ «ፎርማት አድርግልኝ» ሲባል ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ ከሚያስከፍተው ክራክ ጋር፣ ኦፊሱንና የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን ጨምሮ ይጭናል፤ የሚቀበለው የእጁን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ቆጥሮታል። አገሪቱ ግን የበርን የቅጂ መብት ስምምነት አባል ስላልነበረች የውጭ ሰው ሥራ የሚያገኘው ጥበቃ ጠባብ ነበር፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤትም በዚህ እንቅልፍ አያጣም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ባለቤቶች እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። ያም ሆኖ በነፃ የመጣ ነገር በነፃ ካለ ሌላ ነገር ጋር ሲወዳደር እጅ የለመደው ያሸንፋል።

የዋጋው ክርክር ሲነሣ የተረሳው ጉዳይ የፊደላችን ነው። 33ቱ ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ይወጣል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከዚያ ይዘላል። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር ደግሞ ኮምፒውተሩ ለአንድ ፎንት የነበረው 256 ቦታ ነው፤ ግማሹም በላቲን ፊደልና በትእዛዝ ምልክቶች ተይዟል። መፍትሔው ወይ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ማካፈል፣ ወይ እግርና ቅጥያውን ለየብቻ ሥሎ እያጋጠሙ መጻፍ ነበር፤ ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ሲደክሙ የታገሉት ጣጣ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እነ ዶክተር አበራ ሞላና እነ አቶ ፍስሐ አጥላው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ላይ ደክመዋል፤ ያለ እነሱ ድካም የአማርኛ የኮምፒውተር ጽሑፍ ብዙ ይዘገይ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ገበያው ላይ የወጣው እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ደሴ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ኮን ውስጥ ያው ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ይሆናል። ጸሐፊዋ ይህን ማስተካከል አትችልም፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ የባለቤቱ ንብረት ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን አስገብቶ ለሁሉም አንድ ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር።

በክፍቶቹ ፕሮግራሞች በኩል የሆነው ሌላ ነው፤ እኛ ዘንድም እምብዛም አይወሳም። ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 20ኛ እትሙ፣ ዩኒኮድ ፊደላችንን ከመቀበሉ 2 ዓመት አስቀድሞ፣ አማርኛ ያስጽፍ ነበር። ክፍሉን የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። የተመረኮዘውም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት፣ ሴራ በሚባለው ዘዴ ላይ ነው፤ ድምፁን በላቲን ኪቦርድ ይመቱታል፣ ፊደሉ በግዕዝ ይወጣል። በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተደረደረበት አንድ ፋይል አለ። የአማርኛው መስመር «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። «በእሳቱ ሰ ነው እንጂ» የሚል የዋድላ ደቀ መዝሙር ቢነሣ እውነት አለው፤ ፋይሉ ክፍት ስለሆነም እርማቱን ጽፎ ከመላክ የሚከለክለው የለም።

ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ወደ አማርኛ መመለስ ያዘ። በሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥም የቀንና የወር ስሞችን፣ የገንዘብ ምልክትንና የፊደል ቅደም ተከተልን የሚወስኑት ፋይሎች ለአማርኛና ለትግርኛ ብቻ ሳይሆን ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛና ለብሌንም ተዘጋጁ። ለግዕዝም ጭምር። ሰኞ በዚህ ፋይል ሰኑይ ነው፣ ማክሰኞ ሠሉስ። ከዚህም አልፎ ፊደሉን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ለሚፈልገው ሰው የተለየ ፋይል አለው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለእኔ የታሪኩ አንኳር ነው። በግዕዝ የሚሠራ ኮምፒውተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት የለም፤ ትርፍ የሚያሰላ ኩባንያም ለአበገደ ተራ አንድ ቀን አያባክንም። ሥራው የተሠራው ማንንም ማስፈቀድ ስላላስፈለገ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ሥርዓቱን ከፍተው የጎደለውን ጨመሩበት።

«ታዲያ አማርኛን ለሕዝቡ ያደረሰው ማን ነው?» ብሎ የሚሞግት ሰው ይኖራል። መልሱ ማይክሮሶፍት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዊንዶውስ ቪስታ ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲወጣ፣ አማርኛን በዩኒኮድ የሚያሳይ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ተገኘ፤ በሊኑክስ አማርኛ የጻፈ ሰው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ነገር ግን ማድረስና መጀመር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራ የተሠራው ገዢ ይኑር አይኑር ባልተጠየቀበት ቦታ ነው፤ ኩባንያው የመጣው ደረጃው ተወስኖ፣ ገበያው መኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው። «አንድሮይድም ሊኑክስ ነውና በኪሳችን ገብቶ አሸንፏል» የሚለው ሙግት ብዙ አያስኬድም። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ፊደላችንን በባዶ ሳጥን ይተኩት ነበር፤ ባለስልኩም የስልኩን ሥርዓት ከፍቶ ፎንት መጨመር ስላልተፈቀደለት አምራቹን መጠበቅ ነበረበት።

ክፍት ሥርዓት በመንግሥት እጅ ወደ ክፍል የገባበት ትልቁ አጋጣሚ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የመጣው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት ነው። ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስኦ የተባሉ ትናንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ኪቦርዳቸው አማርኛ ነው። ከቁልፎቹ አንዱ ሲጫኑት እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ውስጥ፣ የተጻፈበትን ኮድ ሳይቀር፣ ገልጦ የሚያሳይ ነው። ከቅኔ መምህሩ አፈታት ጋር ይህን ያህል የተቀራረበ ዕቃ ወደዚህ አገር ገብቶ አያውቅም፤ ግን ቁልፉን ተጭኖ የወጣውን የሚፈታ መምህር አብሮት አልመጣም። ከጥቁር ሰሌዳ በመገልበጥ ለሚሄድ ትምህርት ላፕቶፑ ረባሽ ሆነ፤ ልጆቹ እየተጫወቱበት ነው ብለው መምህራን አማረሩ፣ ክፍል ውስጥ እንዳይከፈት የከለከሉም ነበሩ። መምህራኑን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። ዕቃው ሲታደል እነሱ የሚያስፈልጋቸውን የጠየቀ አልነበረም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሊኑክስ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ሥራቸውን አይቤክስ በተባለው ሥርዓት ሲሠሩ ኖረዋል፤ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ያለ ፒችትሪ አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱም የዊንዶውስ ናቸው። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉን ወደ ሊኑክስ ላዙር የሚል ሰው ሥራ ያቆማል፤ ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው። «አሮጌው ሰነዳችን በሊኑክስ አይነበብም» የሚለው ግን እንደዚያ አይጠናም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ መዝገብ በአዲሱ ዊንዶውስም ቢሆን ያለ ፎንቱ አይነበብም፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጡ በየትኛውም ሥርዓት የማይቀር ዕዳ ነው። «ቢበላሽ ማን ያየዋል?» የሚለውም በከፊል ልክ ነው፤ በወረዳ ከተማ ሊኑክስ የሚያውቅ ጠጋኝ ማግኘት ከባድ ነው። በሌላ በኩል ግን ያው ጠጋኝ የሚጠራበት ዋናው ምክንያት፣ በፍላሽ እየተላለፈ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ፣ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ሊኑክስ ሁሉን ይተካል የሚል ሰው ያጋንናል። የጽሕፈት ሥራው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍልና ቤተ መጻሕፍቱ ግን ከአይቤክስ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

ጥያቄው አሁን ድሮ ካልነበረበት ቦታ ደርሷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በግምት ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት የወጡትን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ክራክ ይህን አይፈታውም፤ ቅጂው በነፃ ቢገኝም አሮጌው ኮምፒውተር እንደሚገባ አይሸከመውም። ዋድላ ያለበት ሰሜን ወሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ዕቃ የተዘረፈበትና የወደመበት ዞን ስለሆነ፣ ያለውን ኮምፒውተር «አርጅቷል» ብሎ መጣል ከሌላው አካባቢ ይልቅ እዚህ ያስከፍላል። ሊኑክስም ለአሮጌ ዕቃ ማለቂያ የሌለው ትዕግሥት የለውም፤ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 13ኛ እትሙ 32 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ መጫንን ትቷል። 64 ቢት የሆኑት ግን ገና ብዙ ያገለግላሉ። በኮንና በዙሪያዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተሮቻቸውን መጋዘን ከማስገባታቸው በፊት አንዷን ኮምፒውተር ለአይሲቲ መምህሩ ይስጡት። ሊኑክስ ሚንትን በ8 ጊጋ ፍላሽ ጭኖ ከፍላሹ ያስነሣት፣ የአማርኛ ኪቦርድ ይጨምርባት፣ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ያትም፣ ማተሚያው እምቢ ካለም ለምን እንደሆነ ከተማሪዎቹ ጋር ይፈልግ። ሙከራው ዲስኩን ስለማይነካ ፍላሹ ሲነቀል ኮምፒውተሩ እንደነበረ ይነሣል።