ፍቺ፣ አባትነትና ልጅ ማሳደግ በእስራኤል፦ የሽማግሌ ስምምነት እስከ የት ይበቃል?

በአገር ቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎችና ቄሶች ተቀምጠው ያስታርቁ ነበር፤ እርቁ አልሆን ካለም ንብረቱን አካፍለው፣ የልጆቹን ነገር ተነጋግረው ያፋቱ ነበር። ይህ ወግ እዚህም አልጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። ሆኖም በእስራኤል በሽማግሌ ብቻ የተለያዩ ባልና ሚስት በሕግ ፊት አሁንም ባልና ሚስት ናቸው። ይህን ባለማወቅ የሚመጣው ችግር ለልጆች ስለሚተርፍ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እናቀርባለን።

ፍቺ የሚፈጸመው የት ነው?
እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት የአይሁድን ጋብቻና ፍቺ የሚዳኘው የራባኒም ፍርድ ቤት (ቤት ዲን) ብቻ ነው። ትዳሩ የሚፈርሰው ባል «ጌት» የተባለውን የፍቺ ጽሑፍ በፈቃዱ ሲሰጥ፣ ሚስትም ፈቅዳ ስትቀበል ነው። ጌት እንዲሰጥ ተፈርዶበት እምቢ ያለውን ባል ቤት ዲኑ በ1995ቱ ሕግ መንጃ ፈቃድ ሊከለክለው፣ ከአገር እንዳይወጣ ሊያግደው፣ ሊያሳስረውም ይችላል።

ማኅበረሰባችን ከራባኑት ጋር ያለው ታሪክ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። በ1985 ለጋብቻ በሚክቬ መጥለቅ መጠየቁን በመቃወም ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። ቢሆንም ቅሬታችን ጌትን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አንደኛው ወገን አይሁድ ካልሆነስ?
ለምሳሌ አንዱ አይሁድ፣ ሌላው በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ ወዳለው ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ክርስቲያን ቢሆንና በውጭ አገር ተጋብተው ቢመጡ፣ ፍቺው በ1969ኙ ሕግ መሠረት በቤተሰብ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።

የልጁ አባት ማን ተብሎ ይመዘገባል?
ጌት ሳትቀበል ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ብትወልድ፣ ሕፃኑ በሃይማኖቱ ሕግ «ማምዜር» የመባል አደጋ አለበት፤ አድጎ ለመጋባትም ይቸገራል። እናቲቱ ከወሊዱ በፊት በነበሩት 300 ቀናት ውስጥ ባለትዳር ከነበረች፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ ሰው አባት ተብሎ አይመዘገብም። አባትነትን በዲ ኤን ኤ ለመመርመርም የቤተሰብ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ቀለቡስ?
በ1962ቱ ሕግ አባትም እናትም አሳዳጊዎች ናቸው፤ ፍቺ ይህን አያስቀርም። ልዩ ምክንያት ከሌለ እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ከ6 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ ቀለብ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 እንደወሰነው፣ የሁለቱም ገቢና ልጁ ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ይታያል።

አባት የተፈረደበትን ቀለብ ካልከፈለ፣ መመዘኛውን ለምታሟላ እናት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ይከፍላል። ለዚህ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ የሽማግሌ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ከየት ይጀመራል?
ከ2016 ጀምሮ ክስ ከመመሥረት በፊት «ይሹቭ ሲሕሱሕ» የተባለ ማመልከቻ ይቀርባል፤ ባለ ጉዳዮቹም በፍርድ ቤቱ የድጋፍ ክፍል ያለ ክፍያ ይነጋገራሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላለው ለሲዩዓ ሚሽፓቲ ማመልከት ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ ሽማግሌዎቻችሁን አክብሩ፤ የተስማማችሁበትን ግን በጽሑፍ አስፍራችሁ በፍርድ ቤት አስጸድቁ። በዕብራይስጥ የተጻፈና ያልገባችሁን ወረቀት ሳይተረጎምላችሁ አትፈርሙ።