ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ጸጉር ሠሪ

ወገኖች፣ ስለ እምነት አባቶችና እናቶች ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የሰባኪዎችን፣ የሚስዮናውያንንና የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችን ታሪክ ነው። መድረክ ላይ ያልቆመ፣ መጽሐፍ ያልጻፈ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጸጉር ሲያበጥርና ሲጠቀልል የኖረ ሰው በታሪክ መዝገብ ውስጥ ብዙም አይገኝም። ዛሬ የምናነሣው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ስሙ ፒየር ቱሳን ይባላል። ከሐይቲው አብዮት መሪ ከቱሳን ሉቨርቱር ጋር ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ፒየር ካቶሊክ ነበረ። እኛ ወንጌላውያን በትምህርት ከካቶሊክ ቤተክርስቲያን የምንለይባቸው ነጥቦች አሉ፤ ይህን አንሸፍንም። ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈችው ፕሮቴስታንት ሴት ናት። ሐና ሶየር ሊ የተባለች ደራሲ እርሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1854፣ ቦስተን ላይ አሳተመችው። ለመጽሐፉ የተጠቀመችበት ማስታወሻ እህቷ ሜሪ አና ስካይለር የተወችው ሲሆን፣ እርሷም ፕሮቴስታንትና የፒየር የብዙ ዓመት ደንበኛ ነበረች። ጸጉራቸውን የሚሠራላቸው ሰው እምነቱ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ሆኖ ሳለ ሕይወቱ እንዲጻፍ የፈለጉት ደንበኞቹ ናቸው። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ፒየር የተወለደው ዛሬ ሐይቲ በምትባለው፣ ያኔ ሳን ዶሚንግ በምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነው። ቤራር የተባለ ቤተሰብ ንብረት፣ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። በቆየው ታሪክ የልደቱ ዓመት 1766 ነው፤ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ወደ 1781 ያቀርቡታል። ጌቶቹ ማንበብና መጻፍ አስተማሩት። በደሴቲቱ ሁከት ሲያይል ቤተሰቡ ፒየርንና እህቱን ሮዛሊን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ።

ኒውዮርክ ሲባል ዛሬ የምናውቀው ከተማ እንዳይመስላችሁ። በ1790 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ 33 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ሰው ከዳር እስከ ዳር በእግሩ የሚጨርሳት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቅባት ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚህች ከተማ ጌታው ዣን ቤራር ወጣቱን ፒየር ለአንድ ጸጉር ሠሪ ሙያ እንዲማር ሰጠው። በዚያ ዘመን የባለጠጋ ሴቶች ጸጉር ሥራ ቀላል አልነበረም። ቅባትና ዱቄት ይፈልጋል፣ በጋለ ብረት ይጠቀለላል፣ ረጅም ሰዓትም ይወስዳል። ፒየር ሙያውን ቶሎ ለመደው፤ የከተማይቱ ታላላቅ ቤተሰቦችም ይፈልጉት ጀመር።

ከዚያ በኋላ መከራ መጣ። ዣን ቤራር የቀረ ሀብቱን ሊያይ ወደ ሳን ዶሚንግ ተመለሰና እዚያው ሞተ። ንብረቱም ጠፋ። ባለቤቱ ማሪ በባዕድ ከተማ ያለ ገንዘብ ቀረች። ቤቷን ማን ደገፈ? በሕግ ንብረቷ የነበረው ፒየር ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደተጻፈው፣ ዕዳ ለመክፈል ጌጣጌጧን ሽጥልኝ ብላ ብትሰጠው፣ ጌጡን ሳይሸጥ ከራሱ ቁጠባ ገንዘብ ጨምሮ መለሰላት። የቤቱን ወጪ ለዓመታት ሸፈነ። በ1807 ልትሞት ስትል ነጻ አወጣችው።

ብዙ ሰው የሚቆጣው በዚህ ክፍል ነው፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ለቅድስና ስታጨው አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃውመው ነበር። ወገኖቹ በሐይቲ ለነጻነት ሲዋጉ እመቤቱን ያገለገለ ባሪያ እንዴት ምሳሌ ይሆነናል ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን አቃልለን ማለፍ የለብንም። የዋህ ባሪያን ማመስገን ባርነትን ወደ ማመስገን የሚያንሸራትት መንገድ እንዳለው ታሪክ አሳይቶናል። ቅዱስ ቃሉን ይዘው ሰውን በሰንሰለት ያሰሩ ክርስቲያኖች ነበሩ።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር አብሮ ይነግረናል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባሪያ ነጻ ሊወጣ ከቻለ ነጻነቱን እንዲጠቀምበት ይመክራል። ለፊልሞና ሲጽፍም አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል። ስለዚህ የፒየር ቸርነት የማሪን ባለቤትነት ትክክል አያደርገውም። በደሉ በደል ነው። ቸርነቱ ደግሞ የእርሱ የራሱ ነበር፤ ማንም አዝዞት ያደረገው አይደለም። ማሪ በሕግ ባለቤቱ ብትሆንም፣ ባልቴት ሆና እጁን የምታይ ሰው ነበረች። እርሱም እንደ ባልቴት አያት።

ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሄደ እንመልከት። የእህቱን የሮዛሊን ነጻነት በገንዘቡ ገዛ። ዡልየት ኖኤል የምትባለውን፣ እርሷም ከሳን ዶሚንግ የመጣች ባሪያ፣ ነጻነቷን ገዝቶ በ1811 አገባት። ሌሎችንም ነጻ እንዲወጡ ረድቷል። በኒውዮርክ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው። ማበጠሪያውና ብረቱ የሚያስገኙለት ገንዘብ ከዚያ አስቀድሞ የሰው ሰንሰለት ይፈታ ነበር።

ፒየርና ዡልየት ልጅ አልወለዱም። ሮዛሊ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ትንሿን ልጇን ዩፌሚያን ተቀብለው አሳደጓት። ሕፃኗ ደካማ ነበረች፤ ትኖራለች ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። አጎቷ ማንበብና ሙዚቃ እንድትማር አደረገ። በየሳምንቱም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ታጽፍለት ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ዛሬ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ዩፌሚያ በ1829 በ14 ዓመቷ በእናቷ በሽታ ሞተች። ልጅ ቀብራችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ ይህ ሰው ምን እንደተሸከመ እኛ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። ኀዘኑ ከባድ ነበር። ቤቱን ግን አልዘጋም። ባልና ሚስቱ ወላጅ የሌላቸውን ጥቁር ልጆች እየተቀበሉ ያሳድጉ፣ ሙያ እንዲይዙ ያደርጉ፣ ሥራም ያፈላልጉላቸው ነበር።

ቀኑ የሚጀምረው በጸሎት ነበር። ከማለዳው 12 ሰዓት ባርክሌይ ጎዳና በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን ይገኛል፤ ይህን ልማድ ለ60 ዓመት ያህል አላቋረጠም። ከዚያ ዕቃውን ይዞ በእግሩ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። በእኛም ከተሞች ጸጉር ቤት የማይወራ ወሬ እንደሌለ እናውቃለን። ሹሩባ ስትሠራ የልቧን የማትናገር ሴት ጥቂት ናት። ፒየርም ብዙ ምስጢር ሰምቷል። ከአንዱ ቤት የሰማውን ወደ ሌላው ግን አይወስድም ነበር። ወሬ ሲጠይቁት እርሱ ጸጉር ሠሪ እንጂ ጋዜጣ አለመሆኑን ይነግራቸዋል። ያዘነችውን ግን ያጽናናል፣ ስለ እግዚአብሔርም ያወራላታል። ስብከት የማይሰሙ ሴቶች በመስታወት ፊት ተቀምጠው ከእርሱ ይሰሙ ነበር።

በከተማይቱ ወረርሽኝ ሲገባ ሌላው ይሸሻል፤ እርሱ ግን ወደ ታመሙት ይገባ ነበር። ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ገንዘብ ከደንበኞቹ ይሰበስባል። በ1835 በኒውዮርክ የተነሣው ታላቅ እሳት ካጠራቀመው ብዙውን አሳጣው። ወዳጆቹ መዋጮ ሊያደርጉለት ቢነሡ፣ ከእርሱ የባሰ የተቸገረ አለ ብሎ እምቢ አለ። ሸምግሎ ሳለም አሁንስ ዕረፍ ሲሉት፣ ለራሱ የሚበቃው እንዳለ፣ ሥራ ካቆመ ግን ለሌሎች የሚሆን እንደማይኖረው ይመልስ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ በ1842 ከባለቤቱ ጋር ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሲሄድ፣ በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ በቀለማቸው ምክንያት መለሳቸው። ለዚያ ሕንፃ ገንዘብ ያሰባሰበ ሰው ነበር። የቤተክርስቲያኑ የባለአደራዎች ሰብሳቢ በኋላ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈለት። ይህን ስናነብ በካቶሊኮች ላይ ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። በእኛስ አዳራሽ በልብሱ፣ በዘሩ ወይም በሥራው ምክንያት የኋላ ወንበር የምናሳየው ሰው የለምን?

ዡልየት በ1851 ዐረፈች፤ ፒየርም ሰኔ 30 ቀን 1853 ተከተላት። በዚያን ጊዜ ያች ትንሽ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት። በ1990 ዐፅሙ በአምስተኛው ጎዳና ወዳለው አዲሱ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተዛወረ፤ በበሩ የተመለሰበት ካቴድራል የቀድሞው ነው።

በየጉባኤያችን ጸጉር ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች አሉ። ጌታ ሲጠራን መድረክ ላይ ብቻ የሚጠራን ይመስለናል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችሁ አገልግሎት የለኝም ትላላችሁ። እስቲ በዚህ ሳምንት እጃችሁ ሥር የሚቀመጠውን ሰው፣ ከደመወዛችሁ የሚጠብቀውን ወንድም ወይም እህት፣ ከአፋችሁ ሊወጣ የተዘጋጀውን ወሬ አስቡ። የራሳችንን ጸጉር እንኳ የቆጠረ አባት እጃችን የሚሠራውንም ያያል። እርሱ በያለንበት ታማኞች ያድርገን። አሜን።