ባሕር በተሳቢ መኪና

እኛ የአቃቂ ልጆች ባሕርን የምናውቀው በተሳቢ ነው። ኮንቴይነር የጫነው ሁሉ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ሲጎተት እያየን አደግን። ዕቃው የተነሣበት ዳርቻ ምን እንደሚመስል ብንጠየቅ ግን «ጅቡቲ» ከማለት ያለፈ መልስ የለንም።

ታላላቆቻችን መልስ ነበራቸው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ ምጽዋም አሰብም የአገር ቤት መንገድ ነበሩ። ሁለቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው። አሮጌዋ ምጽዋ ደሴት ናት፤ የጥንት ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ለመዋኘት የሚኬደው ግን ከከተማዋ በስተሰሜን ወዳለው አሸዋማው ጉርጉሱም ነው። አሰብ (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ) የሥራ ዳርቻ ነበረ፦ ወደብ፣ ነዳጅ ማጣሪያ፣ የጨው ማምረቻ። ወጣችን ውስጥ የሚገባው ጨው ሳይቀር ከዚያ ይመጣ ነበር።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ ኤርትራም በ1985 ነጻ አገር ሆነች። የአሰብ መንገድ ግን ያኔ አልተዘጋም፤ የዘጋው የ1990ው ጦርነት ነው። ተሳቢዎቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ፣ ጨዉ ከአፍዴራ ይጫን ጀመር። ብዙዎቻችን የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እኛ «ቢች» ስንል ላንጋኖ ማለታችን ነው፤ ውሃው እንደ ወተት ሻይ ቡናማ የሆነው።