የሁለት «ምንዱባን» መንደር

ቪክቶር ሁጎ በ1862 ካሳተመው ልቦለድ፣ እኛ «ምንዱባን» ብለን ከምናውቀው መጽሐፍ፣ በልቡናዬ ተቀርጾ የቀረው የጦር ሜዳው ትረካ አይደለም፤ የፓሪስ የጎዳና ምሽግም አይደለም። የስምንት ዓመቷ ኮዜት ናት። በገና ዋዜማ ሌሊት፣ ከአቅሟ በላይ የሆነ ባልዲ ይዛ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለው ምንጭ ብቻዋን ተላከች። መንደሩ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ውሃ እንደ ልብ አይገኝበትም። እናቱ በሌሊት ውሃ ልካው የማያውቅ አንባቢ እንኳ የዚያችን ሕፃን ፍርሃት ለመረዳት አይቸገርም። ስትመለስ ባልዲውን ከኋላዋ ደርሶ የተቀበላት እጅ የዣን ቫልዣን ነበር፤ ፖሊሱ ዣቬር የሚያሳድደው የሸሸ እስረኛ። መንደሩ ሞንፌርሜይ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞንፌርሜይ ዛሬም አለች፤ ከፓሪስ በስተምሥራቅ፣ በሴን ሳን ድኒ አውራጃ። ምንጩና የእንግዳ ማረፊያው ግን የተረት ያህል ርቀዋል። በ1960ዎቹ መሐንዲሱ በርናር ዜርፉስ «ሌ ቦስኬ» የተባለውን የመኖሪያ ሰፈር በረጃጅም ፎቆች አቆመባት። ታላቅ አውራ ጎዳና በአጠገቡ እንደሚያልፍ ታስቦ ነበር፤ ጎዳናው አልተሠራም። ገቢያቸው መካከለኛ ለሆነ ሰዎች የታሰበው ሰፈር ባቡር የማይደርስበት ደሴት ሆነ። አቅም ያለው ወጣ፤ ሌላ ቦታ ቤት የሚያከራየው ያጣው ከማሊ፣ ከአልጄሪያ፣ ከቱርክ የመጣ ሠራተኛ ገባ። ፈረንሳዮች የከተማን ዳርቻ «ባንልዩ» ይሉታል። ቃሉ የመካከለኛው ዘመን ነው፤ የከተማው ሹም አዋጅ የሚጸናበትን በዙሪያው ያለውን የአንድ «ልዩ» ርቀት ያመለክት ነበር። አዋጁ ይደርስበታል፤ ከተማው ግን አይደለም። ከዚህ የበለጠ ገላጭ ስም ማን ሊያወጣለት ይችላል?

ኦክቶበር 27 ቀን 2005 ከሞንፌርሜይ ጋር ድንበር በምትጋራው ክሊሺ ሱ ቧ፣ ከእግር ኳስ ጨዋታ ሲመለሱ ፖሊስ ያዩ ልጆች ሮጡ። ሦስቱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግቢ ውስጥ ተሸሸጉ። የ15 እና የ17 ዓመት ልጆች በኤሌክትሪክ ተይዘው ሞቱ፤ ሦስተኛው ክፉኛ ተቃጥሎ ተረፈ። ከፖሊሶቹ አንዱ፣ ልጆቹ ወደዚያ ግቢ ከገቡ ነፍሳቸው አያድርም የሚል ትርጉም ያለው ቃል በሬዲዮ መናገሩ በኋላ በችሎት ተሰማ። ሁከቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ መኪኖች ተቃጠሉ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የተጠቀመበት ሕግ የ1955 ነበር፤ ለአልጄሪያ ጦርነት የወጣ። አያቶችን ለመቆጣጠር የተጻፈ ሕግ በልጅ ልጆች ላይ ተመልሶ ወጣ ማለት ነው። በ2015 የሬን ከተማ ፍርድ ቤት ሁለቱን ፖሊሶች በነፃ አሰናበተ።

ሲኒማው ግን ከፖለቲካው ቀድሞ ነበር። በ1993 አንድ የ17 ዓመት ወጣት ፓሪስ በሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ በምርመራ ላይ ሳለ በጥይት መገደሉ ማቲዩ ካሶቪትዝን «ላ ኤን» (ጥላቻ) የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም እንዲሠራ አነሣሣው። በ1995 በካን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አገኘ፤ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አላን ዡፔም ለሹማምንቱ እንዲታይ አደረጉ። አዩት። ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ክሊሺ ነደደች። ካሶቪትዝ ታላቅ ዳይሬክተር ነው፤ ነገር ግን ወደ ሰፈሩ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር።

ላጅ ሊ እንግዳ አልነበረም። ከማሊ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፤ ያደገው በሌ ቦስኬ ነው። ካሜራውን በሰፈሩ ፖሊሶች ላይ አነጣጥሮ ኖረ፤ በ2008 የቀረጸው የፖሊስ ድብደባም ለምርመራ ምክንያት ሆነ። በ2019 የመጀመሪያውን ረጅም ልቦለድ ፊልሙን ሲሠራ ስም ለመፈለግ አልደከመም፤ «ሌ ሚዜራብል» አለው፤ የሁጎን ርእስ። በካን የዳኞች ሽልማትን ተካፈለ፤ በ2020 ደግሞ የሴዛር ምርጥ ፊልም ተባለ።

ታሪኩ አጭር ነው። ኢሳ የተባለ ልጅ ከሰርከስ የአንበሳ ደቦል ይሰርቃል። የሰርከሱ ሰዎች ይቆጣሉ፤ ሲቪል የለበሱ ሦስት የፀረ ወንጀል ፖሊሶች ልጁን ፍለጋ ይወጣሉ። ሲይዙት ጓደኞቹ ይከቧቸዋል፤ ከፖሊሶቹ አንዱ ደንግጦ የጎማ ጥይት ይተኩስና ፊቱን ይመታዋል። ይህን ሁሉ ሌላ ልጅ ከጣራ ላይ በሚያበረው ድሮን ቀርጾታል። ከዚያ በኋላ ፖሊሶቹ የሚሯሯጡት ለቆሰለው ልጅ አይደለም፤ ለምስሉ ነው።

የላጅ ሊ ፍርድ ከምንጠብቀው ይልቅ ለስላሳ ነው ብዬ አስባለሁ። የተኮሰው ግዋዳ ራሱ ጥቁር ነው፤ የዚያው ዓለም ልጅ ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ እናቱ ፊት ሲያለቅስ እናያለን። ክፋቱን ሁሉ ለአንድ ሰው ማሸከም ለተመልካች እንዴት በቀለለ ነበር! ሁጎም ቢሆን ዣቬርን ጭራቅ አላደረገውም፤ ሕጉን እንደ እግዚአብሔር ያመለከ ሰው አድርጎ ሣለው እንጂ። ሁለቱን «ምንዱባን» የሚለያያቸው ሌላ ነገር ነው። በሁጎ ሌሊት ከጨለማው አንድ እጅ ወጥቶ ባልዲውን ተቀበለ። በላጅ ሊ ሞንፌርሜይ ግን ኢሳን የሚቀበል ትልቅ ሰው የለም። የሰፈሩ «ከንቲባ» የሚባለውም፣ ነጋዴውም፣ ፖሊሱም ለየራሳቸው ጉዳይ ይፈልጉታል። አዲሱ ፖሊስ ስቴፋን ብቻ የልጁን ቁስል ያስታምማል፤ እርሱም ምሽቱን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ኢሳ፣ ፊቱ ያበጠ፣ የሚነድ ጠርሙስ ይዞ ከላይ ቆሟል፤ ስቴፋን ሽጉጡን ደግኖ ከታች። ይወርውር አይወርውር፣ ይተኩስ አይተኩስ፣ አናይም፤ ምስሉ ይጨልማል። በጁን 2023 ናንቴር ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ መኪና ውስጥ እንዳለ በፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ የዓይን ምስክር በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ ፈረንሳይም ለቀናት ነደደች።

ፊልሙ በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በኖቬምበር 2019 ነው። ፕሬዚዳንት ማክሮን አይተውት ልባቸው መነካቱ በጋዜጣ ተጻፈ። በሚቀጥለው ወር ለዓመታት ሲጠበቅ የነበረው የትራም መስመር ክሊሺ ሱ ቧ ደረሰ።